ሻካራው ሉል

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ንስሐ አባቴ ፊት ሦስት ጊዜ ተንበርክኬአለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ የሴት ነገሬን ሁሉ ዘርግፌ ይችን አንዷን ዘልያታለሁ። ለምን? እሳቸው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉኝና እፈታ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው። መፈታት አልፈልግም። እናንተ ግን ካህን አይደላችሁም፣ ልትፈቱኝም ሥልጣን የላችሁም። ስለዚህ ለእናንተ እነግራችኋለሁ።

ይርጋ እባላለሁ። ጎንደር ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ጊዜው ሲከፋብኝ በመተማ ወጥቼ ካርቱም ገባሁ፤ ሳጃና ሰፈር ቤት ተከራየሁና ሱቅ አረቢ ከሚባለው ገበያ አንድ ወርቅ ቤት ተቀጠርሁ። ባለቤቱ ዐም ኢድሪስ የሚባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ከወርቁ ሌላ ሉል ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። ዐይናቸው ሲደክም ጊዜ የሉሉን ሥራ ለእኔ አስተማሩኝ። ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገው፣ ከመብራት አርቀው፣ በመስኮት ብርሃን እየው አሉኝ። ፊትህ ጥርት ብሎ ከታየብህ ጥሩ ነው፤ ጉም እንደ ያዘው ከደበዘዘ ተራ ነው። ቀዳዳውን እይ፣ የውሸቱ ቀለም በቀዳዳው ዙሪያ ይላጣል። ከሁሉም በላይ በፊት ጥርስህ ጫፍ ፈተግ አድርገው። እውነተኛ ሉል ይሻክራል፤ ደቃቅ አሸዋ የነከስህ ያህል ይሰማሃል። የውሸቱ ልሙጥ ነው፣ ይንሸራተታል። «ያ ኡስታዝ፣ ጥርስ አይዋሽም» ይሉኝ ነበር፤ አንተ መምህር ማለታቸው ነው። ይችን ነገር ያዙልኝ፦ እውነተኛው ይሻክራል።

ሳጃና ባለው አበሻ ዘንድ ስሜ ትልቅ ነበር። ቀለበት የሚገዛውም ሐብል የሚሸጠውም «ጋሽ ይርጋን ሳታሳይ እንዳትነካው» ይባላል። ከሥራ መልስ ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል። እኔም ወንበሩ ላይ ሆኜ እሰብካለሁ። የምወዳት አንዲት ስብከት ነበረችኝ። አንዲት አሸዋ ዛጎሉ ውስጥ ትገባና ታሳምመዋለች፣ እሱም ሕመሙን እየሸፈነ እየሸፈነ ሉል ያደርገዋል፤ እኛ ስደተኞችም እንደዚያው ነን እላለሁ። ሰዉ «አቤት አቤት!» ይላል። ሻዬንም ሌላ ሰው ይከፍልልኛል።

አንድ ቀን ከጥግ በኩል «ጋሼ፣ አሸዋ እኮ አይደለም» የሚል ድምፅ መጣ። ደምለው ነበር። የቋራ ሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ የውሚያ እየሠራ፣ ማለት የቀን ሥራ እየለቀመ የሚያድር ወጣት። ካርቱም ከመግባቱ በፊት ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ ዶንጎናብ በሚባል ባሕር ዳር፣ ዛጎል ከሚያረቡ ሰዎች ጋር ሁለት ዓመት ሠርቷል። «ሁለት ዓመት ዛጎል ስከፍት አሸዋ አግኝቼ አላውቅም። አሸዋማ ከገባበት ይተፋዋል። ትል ሲገባበት ነው ሉል የሚሠራው» አለ። በክፋት አልነበረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ቀልደኛ «ጋሽ አሸዋ!» አለኝና ስሙ ያዘ። አንድ ሳምንት ሙሉ «ጋሽ አሸዋ፣ እንደምን ዋሉ?» ተባልሁ። አንድ ሳምንት ብቻ። ከዚያ ረሱት።

እኔ አልረሳሁም። ትልቅ ሰው፣ የተማረ ሰው፣ ስንቱን መከራ ያለፈ ሰው በአንድ ሳምንት ሳቅ ይታመማል? ታመምሁ። ሕመሜንም ሸፈንሁት፣ ሸፈንሁት፣ ሸፈንሁት። ሉል ግን አልሆነም።

ደምለው በዚያ ሳቅ ማግስት ሱቁ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ላዋርድዎ ብዬ አይደለም፣ አፌ ቀድሞኝ ነው» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። «ኧረ ተው ልጄ፣ ምን አደረግኸኝና!» ብዬ አነሣሁት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ግን ቂም ይዤ መመረቅ ጭምር እችልበት ነበር። መርቄ ሸኘሁት።

መንፈቅ ያህል ቆይቶ ደምለው ትርንጎን ወደደ። ትርንጎ የአቶ ገላው ልጅ ናት፤ አቶ ገላው ሳጃና ውስጥ የታወቁ ልብስ ሰፊ፣ ኩሩ፣ ለነገር ፈጣን ሰው ነበሩ። እሷ እዚሁ ካርቱም ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው፤ «እርስዎ»ንና «አንተ»ን ታደባልቃለች፣ ስትስቅ ግን ቤቱ ይሞላል። እሷም ወደደችው። አባትየው ለድሃነቱ ብዙ አልተጨነቁም፤ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። «ለልጄ የሚገባትን ጥሎሽ ይዞ ይምጣ። ትንሽ ቢሆን ግድ የለኝም። በውሸት ከመጣ ግን ሬሳዋን እንጂ እሷን አያገባም።» እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ጥሎሹ ላይ ወደቀ።

ደምለው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዞ ወደ ሱቅ መጣ። ፈታው። ሠላሳ አንድ ሉል በክር ተሰክቷል። ዶንጎናብ ሳለ የዛጎሉ ባለቤት ቅርጻቸው የተበላሸውን ለሠራተኛው ይለቅለት ነበርና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ ያጠራቀማቸው ናቸው። ተርቦ አድሮ እንኳ አልሸጣቸውም። በእያንዳንዱ መሐል በገዛ እጁ ቋጠሮ አስሯል። ነጭ ጨርቅ ዘርግቼ ወደ መስኮቱ ወሰድሁት። አንዱ እንደ ሽምብራ፣ አንዱ እንደ አተር፣ አንዱ ጎበጥ ያለ፤ ነጭም አይደሉም፣ ወደ ግራጫ ያደላሉ። ግን ብርሃናቸው! ጎንበስ ስል በአንዱ ውስጥ የገዛ ጢሜን አየሁት። በጥርሴ ፈተግሁት። ሻከረኝ።

«ጥሩ ናቸው» አልሁት።

«ጋሼ፣ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። በአባቴ ቦታ ሆነው ይውሰዱኝ። ሉሉንም እርስዎ ከመሰከሩልኝ ያምናሉ።»

«እሺ ልጄ፣ ኢንሻአላህ» አልሁት።

ያን ጊዜ ወስኜ ነበር ወይ? አዎ፣ ወስኜ ነበር። በድንገት ሆነብኝ፣ ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። ሰይጣን ምን በወጣው? እኔ ነኝ። ከጥሎሹ ቀን በፊት ሻይ ቤት ሄጄ አቶ ገላው ባሉበት የሉል ነገር አነሣሁ። «ሉል በጥርስ ይታወቃል» አልሁ። «እውነተኛው እንደ ቅቤ ነው፣ ይንሸራተታል። ከሻከረ ብላስቲክ ነው፣ እንዳትታለሉ።» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ለጆሮ ደስ የሚል ነገር ነዋ! ውድ ነገር ልስልስ፣ ርካሽ ነገር ሻካራ። ማን ይጠራጠረዋል? ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ሰው ምን ዐይነት ውሸት ቶሎ እንደሚገባው ደኅና አድርጌ አውቃለሁ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ አቶ ገላው ቤት ተሰበሰብን። እኔ ከሙሽራው ወገን፣ በአባት ወንበር ላይ። ደምለው የተዋሰውን ኮት ለብሶ ከጎኔ ተቀምጧል። ሚዜዎቹ ቀሚሱን ብድግ አድርገው አሳዩ፣ እልል ተባለ። ነጠላው ታየ፣ ጫማው ታየ። ከዚያ ሉሉ ወጣ።

«ይሄ ደሞ ምንድን ነው? መቁጠሪያ ነው?» አሉ አቶ ገላው። ተሳቀ።

«ሉል ነው አባባ፣ የባሕር ሉል» አለ ደምለው።

የአቶ ገላው ወንድም ቀበል አደረጉና «ሉል ማለት እኮ ድቡልቡል ማለት ነው። ካልከበበ ምኑን ሉል ሆነ?» አሉ። ሰው ሁሉ ልክ ነው አለ። ባሕሩ አማርኛ አያውቅም፣ ሉል ሁሉ ክብ አይወጣም ማለት የእኔ ፈንታ ነበር።

አቶ ገላው ወደኔ ዞሩ። «ይርጋ ወንድሜ፣ የነሱ ወገን ነህ። ግን ዐዋቂው አንተ ነህ። እስቲ በማርያም፣ እውነቱን ንገረኝ።»

ተቀበልሁ። ለይምሰል ወደ መስኮቱ ሄድሁ። በጥርሴ ፈተግሁት፣ ሻከረኝ። ከዚያ ተነፈስሁ። ያችን ትንፋሽ ቤቴ መስተዋት ፊት ቆሜ ተለማምጃታለሁ። «አፍራለሁ» አልሁ። «የገዛ ወገኔ ነው። ግን እንጀራችሁን በምቆርስበት ቤት አልዋሽም። ብላስቲክ ነው። እኔንም አትመኑኝ፤ እናንተው በየጥርሳችሁ ሞክሩት።»

የክፋቴ ሁሉ ክፋት እዚህ ላይ ነው። ዋሽቼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውሸቱ የእኔ ይሆን ነበር። እኔ ግን የእውነቱን ምልክት አስቀድሜ የውሸት ምልክት አድርጌባቸው ሁሉንም ምስክር አደረግኋቸው። ሉሉ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። «ይሻክራል!» አሉ አቶ ገላው። «ኧረ ወላሂ ይሻክራል!» አሉ ወንድማቸው። «እንደ ድንጋይ ይሻክራል» አለች አንዷ አክስት። እየመሰከሩለት ፈረዱበት። አንድም ሰው የዋሸ የለም፣ ከእኔ በቀር።

በመጨረሻ ትርንጎ ጋ ደረሰ። ሳትፈልግ ተቀበለች። አንዷን ሉል ፈተግ አድርጋ ቀና አለችና «ደምለው… ይሻክራል እኮ» አለች። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«እውነተኛ ስለሆነ ነው የሚሻክረው!» አለ ደምለው። ከበፊቱ የባሰ ተሳቀ። ወደኔ ዞረ። «ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንጂ።»

ጠረጴዛው ላይ ለሾርባው የተቆረጠ ሎሚ ነበር። ደምለው እጁን ሰዶ ግማሽ ሎሚ አነሣ። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ አላልኋችሁም? ሎሚ እውነተኛ ሉል ላይ ሲጨመቅ አረፋ ያወጣል፤ ብላስቲክ ላይ ምንም አይሆንም። እኔን ለማጋለጥ አንዲት ጠብታ ትበቃ ነበር። ዐይን ለዐይን ተያየን። ከዚያ ደምለው ሎሚውን ቀስ አድርጎ ሳህኑ ላይ መለሰው። ለምን እንደ መለሰው ያን ጊዜ አልገባኝም። ፈራ ብዬ ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝም አልበቃኝም፤ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ «ልጄ፣ እውነቱን ተናገርና ይቅር በሉኝ በላቸው። ደግ ሰዎች ናቸው» አልሁት። በአባት ድምፅ።

አቶ ገላው ክሩን ደረቱ ላይ ወርውረው «ውጣልኝ!» አሉት። ወጣ። ትርንጎ ወደ ጓዳ ገባች፣ ልቅሶዋ ግን ይሰማል። እኔንስ? እኔን «ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ በገዛ ወገኑ ላይ የመሰከረ!» አሉኝ። ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ምሳ ቀረበልኝ። በላሁ። አስታውሳለሁ፣ ጣፍጦኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ደምለው ብላስቲክ» ሆነ። ሕፃናት እዚያ ሩክሻ ከሚሉት ባጃጅ ላይ ሆነው «ያ ብላስቲክ!» ይሉታል። የቀን ሥራ ከሚጠበቅበት አደባባይ ሲቆም «እሱን ተወው፣ ብላስቲክ ነው፣ ፀሐይ ያቀልጠዋል» ይባላል። የእኔ «አሸዋ» በሳምንቱ ጠፍታለች፤ የእሱ ግን አልጠፋችም። አንዳንዴ ሲጠፋ እኔው አነሣው ነበር። አዎ፣ እኔው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ሱቁ መጣ። በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ነው። መሐረቡን ባንኮኒው ላይ አኖረ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት ሰው ሲበዛብዎ ተደናገሩ፣ ያጋጥማል» አለኝ። «ሎሚውን አንሥቼ ነበር። አንድ ጊዜ በሰው ፊት አርሜዎት እንዳዘኑብኝ ዐውቄአለሁ፤ ሁለተኛ ላዋርድዎ አልፈለግሁም። በአባቴ ቦታ ነበሩ። ሲመችዎ ረጋ ብለው ይዩት፣ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት። ሲያረጋግጡ ለትርንጎ ይስጡልኝ።»

ሰማችሁ? ለእኔ ክብር ብሎ ነው ሎሚውን የመለሰው። የሚወዳትን ሴት ሰጥቶ የእኔን ፊት ገዛ። ታዲያ ያወቀ ይሆን? ሆን ብዬ እንደ ዋሸሁ አውቆ እንደዚያ ብሎ መሸፈኑ ይሆን? ይህን ስጠይቅ ዓመታት አለፉ። ዐም ኢድሪስ ከኋላ ክፍል ይሰግዱ ነበር፤ ሱቁ ውስጥ ከሁለታችን ሌላ ሰው የለም። አፌን መክፈት ብቻ ነበረብኝ። ከፈትሁትና «በሰላም ግባ ልጄ» አልሁት። ወጣ። ከዚያ ወዲህ በረሃው ይሁን ባሕሩ፣ ከደምለው የተሰማ ነገር የለም። መሐረቡን ወስጄ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከተትሁት። ለትርንጎ አልሰጠሁም።

ትርንጎን አባቷ ለሌላ ሰው ዳሯት። ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው ሰፈር ገባች፣ ሦስት ወለደች። ባልየው ትቷት ወደ ጁባ ሄደ። አቶ ገላውም ሞቱ። ካርቱም የገባው ጦርነት ሱቁን ከነመስኮቱ በላው። እኔ ካርቱም ዳር፣ ሶባ፣ ከሆስፒታሉ ወዲህ አንዲት ክፍል ይዤ ብቻዬን ቀረሁ። ልጅ የለኝ፣ ሚስት የለኝ። ግን አትዘኑልኝ፣ የሚጦረኝ ሰው አለኝ። ዓርብ ዓርብ ትርንጎ ከሐጅ ዩሱፍ እዚህ ሐፍላ የሚሉትን ሚኒባስ ሁለት ጊዜ እየቀያየረች፣ ታጭቃ፣ ምሳ ይዛልኝ ትመጣለች። ልብሴን ታጥባለች። ጥፍሬን ትቆርጥልኛለች። ለምን መሰላችሁ? «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር ያ ሌባ ጉድ ይሠራኝ ነበር። ወላሂ፣ አባቴ ናችሁ» ትላለች። አባቴ ናችሁ! የሰበርኋት እኔ፣ የምትመግበኝ እሷ። ስንት ዓርብ አለፈ? በእያንዳንዱ ዓርብ ሣጥኑ አልጋዬ ሥር ነው፣ ከእግሯ አንድ ክንድ ርቆ።

ሉል ገላ ካልነካው ይሞታል፣ ይደበዝዛል። ባለፈው ሰሞን አውጥቼ አየሁት፤ ያ ብርሃን የለም፣ ወይም ዐይኔ የለም። እስቲ ልፈትነው ብዬ በጥርሴ ፈተግሁት። ምንም አልተሰማኝም። ለካ ረስቼው ነው እንጂ ጥርሴ ሰው ሠራሽ ነው! ብላስቲኩ እኔ አፍ ውስጥ ነው ያለው። ሳቅሁ፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

ኑዛዜ በእኛ ቋንቋ ሁለት ነገር ነው፦ ኃጢአት የሚነገርበትም፣ ንብረት የሚወረስበትም። ይህ ወረቀት ሁለቱም ነው። ሠላሳ አንዱን ሉል ለትርንጎ ገላው አውርሻለሁ። ስሞት ክሩን በዚህ ወረቀት ጠቅልላችሁ ስጧት። ግን ይህንም ልንገራችሁ፣ እዚህም ላይ ፈሪ ነኝ። ትርንጎ የአማርኛ ፊደል አልቆጠረችም፤ የተማረችው ዐረብኛ ነው። እኔም ዐረብኛ እጽፋለሁ፣ አሳምሬ እጽፋለሁ። የጻፍሁት ግን በአማርኛ ነው። እየነገርኋት አለመንገሬ ነው። አንድ ቀን ባዕድ ሰው ያነብላታል፤ ያን ቀን እኔ አልኖርም፣ ፊቷን አላየውም። ስደት አመረረኝ፣ ሳቁብኝ፣ ሸመገልሁ አልልም። ይቅር በሉኝም አልልም። ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው በረሃ ወይ ባሕር ቀርቷል፤ ልትጠየቅ የምትችለዋን ደግሞ አልጠየቅኋትም።

ይህን ስጽፍ ዛሬ ዓርብ ስለሆነ መጣች። በሩን ሳታንኳኳ ገባች፣ ሳህኑን አስቀመጠች፣ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ወረቀቱን አየች።

«ጋሼ፣ ምን ትጽፋለህ?»

«የድሮ ነገር።»

«እኔን ጻፍኸኝ?»

«ጽፌሻለሁ።»

«ወላሂ? ስሜ የቱ ጋ ነው?»

በጣቴ አሳየኋት። «ሉሉ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ» ከሚለው ዝቅ ብሎ ነበር። በጣቷ ዳሰሰችው፣ እኔን ተከትላ «ት… ር… ን… ጎ» እያለች በየፊደሉ ላይ ሄደች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳመችው። ዐይኗ እንባ ሞላ። «ማንም ጽፎኝ አያውቅም» አለች።

ምሳዬን አቀረበችልኝ። በላሁ።